የትዕግሥት ካርቶን

ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ በወረቀት ላይ የሚዋሸውን ውሸት እንደ እኔ የቆጠረ ሰው ካለ ይምጣና እጄን ይጨብጠኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ እሱ ነው። «ዋሽቼ አላውቅም» በሚለው ጥያቄ ፊት «አዎ» ላይ ያልጫረ ሹፌር እስካሁን አላየሁም። ድክም ብሎኛል። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ቀርቶኝ፣ እፎይ ልል ነው ብዬ ቀን ስቆጥር፣ ይኸ ጉድ መጣ።

የምሠራው የአውቶቡስ ሹፌሮች ለሥራው ይመጥኑ እንደሆነ በሚፈተኑበት ቢሮ ነው። መሪ የሚጨብጥ ሁሉ መጀመሪያ እኛ ዘንድ መጥቶ የጠባይ መለኪያ ይሞላል። መለኪያው መቶ ሰማንያ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ክፍል፣ በየክፍሉ ሠላሳ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ። በግራ በኩል «አዎ»፣ በቀኝ በኩል «አይ» የሚል ሳጥን አለ፤ ተፈታኙ በአንዱ ላይ ይጭራል። የእኔ ሥራ ለየክፍሉ የተዘጋጀውን ቀዳዳ ያለው ካርቶን ገጹ ላይ አስተኝቶ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚታዩትን ጭረቶች መቁጠር ነው። በትዕግሥት ክፍል የቁጣ መልስ ከሃያ በላይ የታየበት ሰው «ቁጡ» ይባላል፣ መሪ አይጨብጥም። አለቀ ደቀቀ። ይግባኝ የለም፤ ካርቶን አያዳላም።

እኔም አላዳላም። ቢሮ ውስጥ «ሚዛን» ነው የሚሉኝ፤ ስሙ የወጣልኝ ደግሞ በታናሽ ወንድሜ ምክንያት ነው። ወንድሜ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ የማያውቅ ሹፌር ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ «ነባሮቹም ይፈተኑ» አለና እሱም ተፈተነ። ወረቀቱ እኔ እጅ ገባ። ካርቶኑን አስተኛሁ፣ ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ላጲስ አጠገቤ ነበር፤ ስድስት ጭረት ባጠፋ ማን ያውቃል? አላጠፋሁም። «ቁጡ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። የያኔው አለቃችን በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። እኔም፣ አፌ ቁርጥ ይበል፣ ኮራሁ።

ወንድሜ በማግስቱ መጣ። «እታለም፣ እስቲ ደግመሽ ቁጠሪው» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ወንድሜ ስለሆንክ አላዳላም» አልኩት።

«እሺ» አለ። ከመሪ አንሥተው አውቶቡስ እጥበት ላይ መደቡት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያጥባል።

ነገሩ በእጥበት ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሚስቱ በፊት ዝም ሲል «አሳቢ ነው» ትለው የነበረችው፣ ከዚያ በኋላ ዝም ሲል «ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው» ማለት ጀመረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀት አንዴ ቁጡ ካለው በር ጠንከር አድርጎ ቢዘጋ ቁጣ፣ ቀስ አድርጎ ቢዘጋ የታፈነ ቁጣ ሆነበት። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣችና «አንቺ ሙያሽ ነው፣ ልፍራው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ባለሙያ አይደለሁ? «መጠንቀቁ አይከፋም» አልኳት። በዓመቱ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ሄደች። ወንድሜም ጓዙን ጠቅልሎ እኔ ቤት የኋላ ክፍል ገባ። ልጁን በዓመት ሁለቴ ያያታል፤ ያውም እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ።

አሁን ደግሞ አዲስ መለኪያ መጣ። «የተሻሻለው» ይሉታል። መቶ ሰማንያው ጥያቄ ወደ ስልሳ ወረደ፤ ካርቶን የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥራል። አሮጌው ከመጣሉ በፊት ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር መለካታቸው መረጋገጥ ነበረበት። ስለዚህ ሰማንያ ሰዎች መጀመሪያ አሮጌውን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ሞሉ። ያው ሰው፣ ያው ጠባይ፤ በአሮጌው ዓይን አፋር የተባለ በአዲሱም ዓይን አፋር ሆኖ መገኘት አለበት። አሮጌውን እኔ በካርቶኔ ቆጠርኩ፣ አዲሱን ዶክተሯ በኮምፒውተሯ።

ዶክተሯ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። በዕድሜዋ «አንቺ» እላታለሁ፣ በትምህርቷ «ዶክተር» እላታለሁ፤ እሷ «እትዬ ሚዛን» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ወረቀቷን ታቅፋ መጣችና ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እትዬ ሚዛን፣ አምስቱ ክፍሎች ጥሩ አድርገው ገጥመዋል» አለችኝ። «ትዕግሥቱ ግን ግራ ገባኝ። በአሮጌው ታጋሽ የሆነው በአዲሱ ቁጡ ነው፣ በአሮጌው ቁጡ የሆነው በአዲሱ ታጋሽ ነው።»

«አዲሱ ነዋ የተበላሸው» አልኩ ሻዬን ሳላስቀምጥ። «በስልሳ ጥያቄ እንኳን የሰው፣ የበግ ጠባይ አይታወቅም።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ኮምፒውተሩ አዎውን አይ አድርጎ ቆጥሮት ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ አየሁት። ልክ ነው።» «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የአሮጌውን መመሪያ ብናየውስ?»

ደሜ ፈላ። «የእኔን ቆጠራ ነው የምትጠረጥሪው? አንቺ ዳዴ ስትይ ጀምሮ ስቆጥር የኖርኩትን ሴትዮ?»

«ኧረ በፍጹም! እንዲያው ለሪፖርቱ ነው።»

«ለሪፖርቱ ከሆነ ይሁን» አልኩና እያጉረመረምኩ፣ ቁልፉን ይዤ ወደ መዝገብ ክፍሉ ወረድኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸ ነው።

መመሪያው ያለው ከታች ሳጥን ውስጥ ነው። ለዓመታት የከፈተው የለም፤ ማን ይከፍተዋል፣ እሷ በቃሏ ታውቀዋለች ተብሎ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የትዕግሥት ክፍል መልስ ተዘርዝሯል። አንደኛ፣ «ሰው መንገድ ሲዘጋብኝ እጮኻለሁ»፤ የቁጣ መልሱ አዎ። ካርቶኔን አየሁ። ቀዳዳው አይ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ «ረጅም ወረፋ አያስጨንቀኝም»፤ የቁጣ መልሱ አይ። ቀዳዳው አዎ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እስከ ሠላሳኛው ወረድኩ፤ አንዷ እንኳ አልገጠመችም። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ሁሉም ገጠመ።

እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ።

ትዝ አለኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ የመጀመሪያው የትዕግሥት ካርቶን ረጠበ። ሲደርቅ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆለመመ፣ ገጽ ላይ አልተኛ አለ። በምሳ ሰዓት አዲስ ካርቶን ፈልጌ አሮጌውን ላዩ ላይ አደረግሁና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ልቀዳ ሞከርኩ። እየተነሣ አስቸገረኝ። ገልብጬ ሳስተኛው ለጥ አለልኝ። እሰይ አልኩ። በእርሳስ ዞርኩት፣ በምላጭ ቆረጥኩት፣ አናቱ ላይ በቆንጆ ጽሑፌ «ትዕግሥት» ብዬ ጻፍኩበት፣ አሮጌውን ጣልኩት። አዎና አይ ከገጹ ጠርዝ እኩል ስለሚርቁ የተገለበጠውም ካርቶን ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚያስነቃ ነገር የለውም። በዚያው ሳምንት ነባር ሹፌሮች መፈተን ጀመሩ።

እንዴት ሳይታወቅ ቆየ ትሉ ይሆናል። አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው ያለው፤ ከሠላሳ አሥራ አራት ያለው ሲገለበጥ አሥራ ስድስት ይሆናል፣ ማንም ልብ አይለውም። የሚጎዱት ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው። እጅግ ታጋሾቹን ቁጡ ብዬ አስወጣሁ፣ ቁጡዎቹን ታጋሽ ብዬ መሪ አስጨበጥኩ። ስንት ጊዜ ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ ሹፌሩ ተሳፋሪውን ሲሰድብ እያየሁ፣ «እንዲህ ያለውን ማን ነው ያሳለፈው?» ብያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ከተባረሩት አንዳንዱ ደግሞ ውጤቱ ሲነገረው «እኔ? እኔ ቁጡ?» ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ያኔ እርስ በርሳችን ተያይተን «ይኸው» እንል ነበር። ሰውን ቁጡ ነህ ብሎ፣ ሲቆጣ ማስረጃ አገኘሁ ማለት ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ግድግዳውን ተደግፌ ተነሣሁና የወንድሜን ወረቀት ከመደርደሪያው ፈልጌ አወጣሁ። ጭረቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር የሚጽፈው፣ ወረቀቱን ያመዋል ብሎ የሚፈራ ይመስል። ካርቶኑን በትክክለኛ ፊቱ አስተኛሁ። አራት። ከሠላሳው አራት ብቻ። ያን ዓመት ከተፈተኑት ሁሉ የእሱን ያህል ታጋሽ አልነበረም። ያኔ ላጲሱን አንሥቼ ባዳላ ኖሮ ትክክል እሆን ነበር።

ለዶክተሯ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ቀን ሙሉ የአሥራ ሁለቱን ዓመት ወረቀት አብረን እንደገና ቆጠርን፤ ያለ ጥፋታቸው ቁጡ የተባሉት አርባ አንድ ሰዎች ሆኑ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአለቆቹ ዘንድ ተመልሳ መጣችና ዓይኔን ሳታይ፣ «ጠይቄ ነበር» አለችኝ። «አሮጌው ከሰኞ ጀምሮ ይቀራል። ሪፖርቱ ላይ የማረሚያ ካርቶኑ ጉድለት ተገኝቶበት ታርሟል የምትል አንድ መስመር ትበቃለች ብለዋል። ያለፉትን ሰዎች ማንሣት... ሰው ያውካል ብለዋል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አቅም አለኝ እትዬ» አለችና የአርባ አንዱን ስም ያተመችበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። አንድ መስመር! የእኔ ስም የለ፣ የወንድሜ ስም የለ። ሦስት ወር አንገቴን ደፍቼ መውጣት ብቻ። ዝርዝሩን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። አውቶቡስ ለመሳፈር ፊት አጣሁ፤ በእግሬ ነው የሄድኩት።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ቅጣቱን አይደለም የፈራሁት፤ ወንድሜን ነው። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እሱን ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ቤት ስገባ «አለሽ?» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ብነግረው አጣዋለሁ። ባልነግረው ደግሞ ቁጡ እንደተባለ ይሞታል። ወደ መሪው እንኳ እንዳልመልሰው፣ ሹፌር የሚቀጠረው እስከ ሃምሳ ዓመት ነው፣ እሱ ሃምሳ አንድ ሞልቶታል። ታዲያ ብነግረው ምን ይፈይድለታል? ይህን ይህን እያልኩ ደጄ ደረስኩ።

ፀሐይ ገና አልገባችም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተወሳሰበ የልብስ ማስጫ ገመድ ይፈታል። እኔ ብሆን በመቀስ ቆርጬ እገላገለው ነበር። እሱ ግን ጫፉን ፈልጎ፣ አንዱን ላላ አድርጎ፣ ሌላውን በውስጡ አሳልፎ፣ ሲጠብቅበት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ነገር ባየሁ ቁጥር «ራሱን እየገታ ነው» ስል ኖሬአለሁ። አንጀቴን በላው።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

ቆሜ ነገርኩት። የረጠበውን ካርቶን፣ መገልበጤን፣ ከሠላሳው አራት ብቻ መውጣቱን። ለሚስቱ የሰጠኋትንም ምክር ነገርኩት፤ እሱን አያውቅም ነበር። እጁ ቆመ።

«መጠንቀቁ አይከፋም አልሻት?»

«አልኳት።»

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኽብኝ እመርጥ ነበር።

«ሃያ ስድስት ስትሉኝ እኔ አንድ ቀንም አላመንኩም» አለ። «ራሴን አላውቅም እንዴ? ሹፌርነቱም ይቅር፣ ሥራ ሥራ ነው። እኔን የገረምሽኝ አንቺ ነሽ እታለም። አዝለሽ አሳድገሽኛል። ስቆጣ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ካርቶን አመንሽብኝ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ዝርዝሩን ሰጠሁት፤ ሌላ የምሰጠው ነገር ስለሌለኝ። ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ከዚያም ሳቅ አይሉት ትንፋሽ ወጣው።

«ከእኔ ጋር ስምንታችን እዚያው እጥበት ላይ ነን» አለ። «'የቁጡዎች ሰፈር' ነው የሚሉን። አለቃው ለብቻው አይገባም፣ ይፈራል። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ስናጥብ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ባልዲ ስንቀባበል እንኳ ይቅርታ እንባባላለን። ምን ዓይነት ቁጡዎች ነን እያልን ስንስቅ ነው የኖርነው።» ዝርዝሩን አጥፎ መለሰልኝ። «ነገ መጥተሽ ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

«እኔን እኮ ያባርሩኛል። ሦስት ወር ነው የቀረኝ።»

«ያባርሩሽ ይሆናል» አለና ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ራት ሠርቼ ጠራሁት፤ በልቻለሁ አለ። አልበላም ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ እጥበቱ ሄድኩ። የሳሙና ውሃ ጫማዬ ውስጥ ገባ፤ አውቶቡሶቹ በሁለት መስመር ቆመው ይንጠባጠባሉ። ሰባቱ ሰዎች በጎማ ቦት ጫማቸው ቆመው ሰሙኝ። ወንድሜ ጥግ ላይ ብሩሽ እያለቀለቀ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኳቸው። «በእጄ ነው የገለበጥኩት። ቁጡ አልነበራችሁም። እንዲያውም ከሁሉ የምትበልጡት እናንተ ነበራችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማንም አልጮኸም። አንዱ የውሃውን ቧንቧ ሄዶ ዘጋ። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ «አያ ዝምታ» የሚሏቸው ሰውዬ፣ በርጩማ ይዘው መጡና ከፊቴ አስቀመጡልኝ።

«ተቀመጪ እህቴ፣ ደክሞሻል» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሲሰድቡኝ ልመልስላቸው ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀሁም።

«ልጄ ልታገባ ነው» አሉ አያ ዝምታ። «የልጁ ቤተሰቦች አባቷ ቁጡ ነው፣ ከመሪ የተነሣው በዚያ ነው የሚል ሰምተው እያቅማሙ ነው። ይህን ያልሽውን በወረቀት ጽፈሽ ትሰጪኛለሽ?»

«ማኅተም እኮ የለውም አባቴ። ቢሮው አያውቀውም።»

«ያንቺ ፊርማ ይበቃኛል። ያኔም የነበረው ያንቺ ፊርማ ነው።»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩላቸው። እያንዳንዱ ወረቀት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንደሚያቆመኝ እያወቅሁ ስሜን ዘርዝሬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰባቱም ተሰለፉ። ወረፋ ሲይዙ እንኳ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» እየተባባሉ አስቸገሩኝ። አንዱ ለወንድሙ እንዲሆን ጠየቀኝ፣ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ደግሞ ሁለት ቅጂ ፈለገ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እጄ ዛለ።

ሰባተኛው ሲሄድ ስምንተኛ ወረቀት ቀደድኩ። ወንድሜ እጁን በቱታው እየጠረገ መጣ። ስሙን መጻፍ ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«ለእኔ አትጻፊ» አለ። «እኔ ወረቀት በቅቶኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ቁጥር ነካ፣ ሰጠኝና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ለማን እንደደወለ ሳልጠይቅ ገባኝ። ሦስት ጊዜ ጠራ። ያነሣችው ግን የልጅቷ እናት አልነበረችም።

«አባዬ?» አለች ልጅቷ። «ምነው፣ ምን ሆንክ? ደውለህ አታውቅም እኮ።»

«አባትሽ አይደለም፣ እኔ አክስትሽ ነኝ» አልኳት። «እናትሽን አቅርቢልኝ። አንቺም አትሂጂ፤ አጠገቧ ሆነሽ ስሚ።»